ለዘር የሚቀረው ዲስክ

አጎቴ ገለጉ ላይ ለብዙ ዓመታት ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ቋራ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲመሽ የሚሄድበት ስለሌለው ወደ አጎቴ ሣር ቤት ይመጣ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ዲስኮቹ ግን በሁለት ማዳበሪያ ታስረው ከማሽላው ጎተራ አጠገብ ተቀምጠዋል። ባለፈው የካቲት ላፕቶፕ፣ ዲስክ ማንበቢያና 1 ቴራ ባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ ይዤ ሄድሁ። አሳቤ ሁሉንም መቅዳት ነበር። አጎቴ ግን ማዳበሪያውን ከመፍታታቸው በፊት ይጠይቁኝ ጀመር። ጭውውታችን ከጠዋት እስከ ማታ ዘለቀ፤ እንደማስታውሰው ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥና ከርከዴህን ጠጣ። ስንት ሆኑ?

እኔ፦ 312 ናቸው ብለውኝ አልነበር? አንድ ቪሲዲ ቢበዛ ወደ 800 ሜጋ ባይት ነው፤ ሁሉም ተደምረው 250 ጊጋ ገደማ ናቸው። ይህ ሀርድ ዲስክ አራት እጥፉን ይይዛል፤ ቦታ አያስቸግረንም።

ጋሼ፦ ስለ ቦታው መቼ ጠየቅሁህ? ጊዜውን ንገረኝ።

እኔ፦ አንዱ ገብቶ፣ ተነብቦ፣ ስም ተጽፎለት እስኪወጣ 15 ደቂቃ ብንል 78 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ብሠራ በ10 ቀን ያልቃል።

ጋሼ፦ እንዲያ የሚሆነው ዲስኩ ጤነኛ ሲሆን ነው። እነዚህ ስንት እጅ ያለፉ መሰለህ? አቧራው፣ ላቡ፣ የጄኔሬተር ዘይት የነካ ጣት። ፊልሙ ሲቆራርጥ ቤቱ በፉጨት ይናጋል፤ እኔ ዲስኩን ከዴኩ አወጣና በነጠላዬ ጫፍ ዙሪያውን ጠርጌ እመልሰዋለሁ። የጠቀምሁ እየመሰለኝ ስንቱን ጫርሁት!

እኔ፦ ችግሩ አጠራረጉ ላይ ነው፣ ጋሼ። ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ቀጥ ብሎ ወደ ዳር ነው የሚጠረግ፤ እንደ ምጣድ ዙሪያውን አይታሰስም። ፊልሙ የተጻፈው ዙሪያውን በሚጠመዘዝ ቀጭን መስመር ነው። ጭረቱ መስመሩን ተከትሎ ከሄደ ረጅም ቦታ ያጠፋል፤ መስመሩን አቋርጦ ካለፈ ግን የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂት ማንበቢያው ራሱ አስልቶ ይሞላዋል።

ጋሼ፦ ይህን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት። እሺ፣ አልነበብ ያለውስ?

እኔ፦ ማንበቢያው ደጋግሞ ይሞክራል። አንድ ክፉኛ የተጎዳ ዲስክ ግማሽ ቀን ሊይዘኝ ይችላል።

ጋሼ፦ እንግዲያ 10 ቀንህ ወር ሆነ። ለምኑ ነው ይህ ሁሉ ድካም? እዚህ ጎረቤት ያሉት ልጆች ቴሌግራም ከፍተው የፈለጉትን ያወርዳሉ። የሰነፈው ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪውን ያስጭናል። ከነዚህ ዲስኮች ውስጥ ስንት የህንድ ፊልም፣ ስንት የቻይና ቡጢ አለ! ያ ሁሉ ከኔ ማዳበሪያ ውጭ በሺሕ ቦታ የተቀመጠ ነው።

እኔ፦ ነሐሴ 2015ን ረሱት? አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም አብሮ ሄደ። ያኔ ሰው ያየው ስልኩና ፍላሹ ላይ ቀድሞ የያዘውን ነው። ክረምት ደግሞ ዋልካው መንገዱን ይዘጋዋል፤ ዲስክ የሚያመጣ መኪናም አይገባም። እቤት የተቀዳ ፊልም መብራት ወይም ባትሪ እስካለ ድረስ የማንንም በጎ ፈቃድ አይጠብቅም።

ጋሼ፦ ይህስ እውነት ነው። ያን ክረምት የጎረቤቶቼ ልጆች አንድ ፊልም ስንቴ እንዳዩት እነሱም አያውቁትም። ግን ለዚያ 312 አያስፈልግህም፤ 20 ይበቃል። ደግሞ ይህን እንደ መስኮት መጋረጃ የደበዘዘ ምስል ይዘህ ምን ትሠራለህ? ቴሌቪዥኑ ሰፍቷል፣ ዲስኩ ያው ነው።

እኔ፦ ቪሲዲ ሲሠራ ጀምሮ ምስሉ ጠባብ ነው፤ በወርዱ 352፣ በቁመቱ 288 ነጥብ ብቻ። በኮምፒውተር አስፍተው ጥራቱን እናሻሽላለን የሚሉ አሉ። እኔ አልነካውም። ዲስኩ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ከየትም አይመጣም፤ የቀጠነ ጠላ ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ጋኑ ይሞላል እንጂ ጠላው አይጠነክርም። እንዳለ ገልብጦ ማስቀመጥ ይሻላል። ደግነቱ ቪሲዲ ቁልፍ የለውም፤ ፋይሉን መገልበጥ ነው። ዲቪዲ ቢሆን ኖሮ ብዙው ቁልፍ አለው። ያንን ቁልፍ በፈረንጆች 1999 የሚፈታ ፕሮግራም ካወጡት አንዱ አንድ የኖርዌይ ልጅ ነበር፤ ከሰሱት፤ በ2003 የአገሩ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ነፃ ብሎ ለቀቀው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ፊልም ከፍቶ ማየት ወንጀል አይደለም ነው ያሉት።

ጋሼ፦ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን አልህ።

እኔ፦ አዎ።

ጋሼ፦ ይህ ነገር ነው እኔን ሌሊት የሚያስነሣኝ። ዲስኮቹን ተመልከታቸው እስኪ። ይኸው፣ ፍታው። ብርማ የሆነው በፋብሪካ የታተመ ነው። ጀርባው ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። የትኛው ይበዛል?

እኔ፦ አረንጓዴው።

ጋሼ፦ በጣም ይበዛል። ጎንደር ሄጄ በደርዘን ነበር የምገዛው። ያ ነጋዴም ከሌላ ገልብጦ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች አዲስ አበባ አዳራሽ ገብተው ሰው መሰለፍ ሲጀምር፣ የቴዎድሮስ ተሾመ ቀዝቃዛ ወላፈን ወሬው እዚህ ድረስ ደረሰ። ያ ሰው ኋላ ሲኒማ ቤት ሠርቶ ሴባስቶፖል አለው፤ ጋፋት ላይ በተሠራው በአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስም። የቋራው ካሳ መድፍ አዲስ አበባ ላይ የሲኒማ ስም ሲሆን ቋራ ራሷ ግን ሲኒማ የላትም። ፊልሙን ለማየት ከዚህ ተነሥቼ ያን ሁሉ አገር ላቋርጥ ነው? ባለቤቶቹም ዲስኩን ቶሎ አያወጡትም ነበር፤ በወጣ ማግስት ይገለበጣል ብለው ይፈራሉ። መፍራታቸውም ልክ ነው። እኛ ግን እስኪወጣ አልጠበቅንም።

እኔ፦ እርስዎ ባያመጡት እዚህ ማንም አያየውም ነበር።

ጋሼ፦ እሱን ለራሴ ስንቴ ነግሬዋለሁ። መሸሸጊያ ነው። አንድ ሰው 1 ብር ይከፍለኝ ነበር፣ ኋላ 2 ብር። በአጨዳ ወቅት ቤቱ ሞልቶ ደጅ ይቆማሉ። ከዚያ ብር ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ከፈልሁ፣ ለቤቱ ኪራይ ከፈልሁ፣ ዲስክ ለገለበጠው ነጋዴ ከፈልሁ። ፊልሙን ለሠራው ሰው ግን አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም። ሕጉ ምን ይላል? ተምረሃል፤ ሳታለዝብ ንገረኝ።

እኔ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንቀጽ 9 ላይ አንድ ሰው የወጣ ሥራን ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚጎዳ ከሆነ ግን አይፈቀድም። ሰው ሰብስቦ፣ ብር ተቀብሎ ማሳየት ከግል ጥቅም ውጭ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። በ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

ጋሼ፦ አሥር ዓመት።

እኔ፦ የጠየቁኝን ነው የመለስሁ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ደግ አደረግህ። አሁንስ? አንተ ዛሬ የምትቀዳው ያንኑ የተሰረቀውን ነው። ከአረንጓዴ ዲስክ ገልብጠህ ለግሌ ነው ስትል ይነጻል?

እኔ፦ ሕጉን ትቼ በኅሊናዬ ልመልስልዎት። ዛሬ ሊገዛ ወይም ባለቤቱ ራሱ ባወጣበት ቦታ ሊታይ የሚችለውን ፊልም ከዚህ መቅዳት አልፈልግም። ብዙዎቹ የድሮ ፊልሞች አሁን ዩቲዩብ ላይ አሉ፤ ባለቤቱ ያወጣው ከሆነ እዚያ ሲታይ ከማስታወቂያው ጥቂትም ብትሆን ይደርሰዋል። ያኔ ያልከፈልነውን ዛሬ የምንከፍልበት መንገድ አለ ማለት ነው። እርስዎ ፊልሙን ለሠራው ሰው አልከፈልሁም ሲሉ የፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ትዝ አለኝ። የጎንደር ልጅ ነው፣ እዚያው ነው የተወለደ። ሳንኮፋ የተባለ ፊልሙን በፈረንጆች 1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እሱም በየከተማው አዳራሽ እየተከራየ ራሱ አሳየው። ኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በፊልሙ ስም መደብር ከፍቶ መጽሐፉንም ቪዲዮውንም ራሱ ይሸጥ ጀመር። ያ ፊልም ታድሶ ብዙ ሕዝብ በሚያየው በኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ 28 ዓመት ቆይቶ። በመካከሉ በ2008 ጤዛ በተባለው ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። እንደዚህ ላለ ሰው አንድ የተሸጠ ካሴት የሚቀጥለው ፊልሙ ጥሪት ነው። የተገለበጠ ካሴት ደግሞ ከዚያ ጥሪት ላይ የጎደለ ነው።

ጋሼ፦ አየህ፣ ይህን ስሰማ 312ቱንም ወስጄ ባቃጥላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ፦ አያቃጥሏቸው! አሁን ደግሞ እርስዎ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ።

ጋሼ፦ አላቃጥልም፣ አይዞህ። ስማኝ፣ ማሽላ እንዴት ለዘር እንደምንይዝ ታውቃለህ? ጎተራው ሲሞላ ሁሉንም ለዘር አናስቀምጥም። ማሳው ላይ እያለ እየዞርን ጥሩ ጥሩውን ዛላ እንመርጣለን። የመረጥነውን ከምድጃው በላይ ጣራው ላይ እንሰቅለዋለን፤ ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ምርጫው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በየዓመቱ መዝራቱ ነው። ሳይዘሩት ብዙ የከረመ ዘር አይበቅልም። ያንተ ሀርድ ዲስክስ ሳይነኩት ስንት ዓመት ይቀመጣል?

እኔ፦ ያን ጥያቄ ከእርስዎ አልጠበቅሁትም። ሀርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀ፣ ሙቀትም ይጎዳዋል። ፍላሽ ደግሞ መብራት ሳያገኝ ለዓመታት ከተቀመጠ የያዘውን ቀስ በቀስ ይለቃል። እነዚህ ቤት የተቀዱ ዲስኮች ከሁሉ ይብሳሉ። በፋብሪካ የታተመው ዲስክ ጽሑፉ ተቀርጾ የታተመ ነው። ቤት የሚቀዳው ግን ቀለም ላይ በብርሃን የሚጻፍ ነው፤ ያ ቀለም ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኝ ይደበዝዛል። እዚህ ደግሞ በበጋ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል።

ጋሼ፦ እንግዲያ ቅጂ ማለት አንዴ ሠርተህ የምትገላገለው ሥራ አይደለም።

እኔ፦ አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዕቃ መገልበጥ አለበት። በየዓመቱም እየተከፈተ ይነበብ እንደሆነ መታየት አለበት። አንዱ ቅጂ እዚህ ቆላው ላይ፣ ሌላው ደጋ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ ነው።

ጋሼ፦ ለ312 ዲስክ በየጥቂት ዓመቱ ይህን ልታደርግ? ልጅ ታሳድጋለህ፣ ሥራ አለህ። አታደርገውም። ሁሉንም የቀዳ ሰው አንዱንም አይጠብቅም። የገለበጠ ዕለት ደስ ይለዋል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። አንድ ነገር ላጫውትህ። የሱዳን ጦርነት በ2015 ሚያዝያ የተነሣ ጊዜ ሰው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ሲሻገር ሰማህ አይደል። ከነዚያ አንዱ፣ ጎልማሳ ነው፣ ሥራ ፍለጋ እዚህ ድረስ መጣ። የቪዲዮ ቤቴን ነገር ነግረውት ኖሮ ቤቴ ድረስ መጥቶ ከኪሱ ሚሞሪ አወጣ፤ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ዓረብኛዬን ታውቃለህ፣ የገበያ ዓረብኛ ነው፤ ገባኝ ግን። የእህቱ ሠርግ ነው ያለበት። እህቱ የት እንደደረሰች አያውቅም። ሌላ ቦታ አስቀምጥልኝ፣ ይህ ቢጠፋብኝ ፊቷን አላገኘውም አለኝ። እኔ ኮምፒውተር የለኝ! ሞባይል ቤቱ ይዤው ሄጄ ፍላሽ ላይ አስገለበጥሁለት። ልጁ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

እኔ፦ ከዚያው ከሱዳን ሌላ ታሪክ አለ። ጋዳላ ጉባራ የሚባል የፊልም ሰው ነበር፤ በፈረንጆች 1920 ተወልዶ በ2008 ያረፈ። ካርቱም ላይ የራሱ ስቱዲዮ ነበረው፤ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ካሜራ ይዞ ነበር። በስተርጅናው ስቱዲዮው ፈረሰበት። የፊልም ጥቅሎቹ በዚያ ሙቀትና አቧራ ሲበሰብሱ ቆይተው፣ ልጁ ሳራ ከበርሊን የፊልም ተቋም ከአርሰናል ጋር ሆና ብዙዎቹን ወደ ዲጂታል አስገለበጠች። በ1977 የሠራው ታጁጅም ተርፏል። ጦርነቱ ሲመጣ ኦምዱርማን ያለው የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ለወራት የጦር ሜዳ ሆነ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016 ላይ ነው። የጋዳላ ፊልሞች ግን ከጦርነቱ ቀድመው ተገልብጠዋል፤ ዛሬም ይታያሉ።

ጋሼ፦ ይኸው። እሷ ልጅ የአባቷን ነው የገለበጠች፣ ያ ሰው የእህቱን ሠርግ ነው። ሁለቱም ሌላ ማንም የማይጠብቀውን ነው የያዙት። ለቻይና ቡጢማ ጠባቂ ሞልቶለታል። አሁን ማዳበሪያውን ዘርግፈው።

እኔ፦ በሦስት ልክፈላቸው። የውጭ ፊልሞቹ እዚህ።

ጋሼ፦ እነሱን አትንካቸው። ልጆቹ ማሽላ ላይ ወፍ ማባረሪያ ይስቀሏቸው፤ ሲያንጸባርቁ ወፍ ይሸሻል።

እኔ፦ የአማርኛዎቹ?

ጋሼ፦ አንድ በአንድ ፈልጋቸው። ባለቤቱ ያወጣውን እዚያው እናየዋለን። የትም ያልተገኘውን ቅዳው፤ ግን ለማንም አትስጥ፣ ለሞባይል ቤትም አትስጥ። ባለቤቱ አንድ ቀን ሥራዬ ጠፋብኝ ቢል አለኝ ብለህ የምትመልስለት ይሁን።

እኔ፦ ሕጉም አንድ ቅጂ ነው የሚለው። ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው አንዱ ይሆናል፣ ዲስኩ ራሱ እዚህ ከእርስዎ ጋር ይቀመጣል።

ጋሼ፦ ሦስተኛው ክምር የምን ነው?

እኔ፦ ጽሑፋቸው በእስክሪብቶ የሆነ። ሠርግ ይመስላል፣ ጥምቀት የሚልም አለ። 23 ናቸው።

ጋሼ፦ እነዚያ! ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ሲመጣ እኔ ቤት ነበር የሚያድረው፤ ለባለሠርጎቹ አንዳንድ ዲስክ ሲሠራ ለእኔም ትርፉን ይተውልኛል። ያ፣ ጽሑፍ የሌለው፣ ጥግ ላይ የተጫረው፣ እሱን ስጠኝ። እሱን ነው ስትመጣ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ። እንዴት ነበር ያልኸው? ከመሐል ወደ ዳር?

እኔ፦ አዎ፣ ቀጥ ብሎ። ይስጡኝ።

ጋሼ፦ ተወው፣ እኔው ልጥረገው።

(ዲስኩ ለመነበብ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ቆየ። ሲከፈት ምስሉ ጨለማ ነው። ቀስ እያለ ፊቶች ይወጣሉ፤ ከፊት ካለ ቴሌቪዥን ብርሃን የሚበራላቸው፣ አንገታቸውን ያቀኑ፣ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡ ወጣቶች። ፊልሙ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል።)

ጋሼ፦ 1999 ነው፣ በጥቅምት። ሠርጉ አልቆ ልጁ ካሴት ተርፎት ቤቴን ቀረጸልኝ። ይህ ኮፍያ ያደረገው ከእስቴ የመጣ ነው፤ ሦስት ዓመት ተመላልሶ አራተኛው ላይ አልመጣም። ይህ የሚስቀው የአለፋ ልጅ ነው። ከጀርባው ያሉት ሁለቱ ጉሙዝ ናቸው፤ እዚሁ ያደጉ፣ አማርኛውን ከፊልሙ ነው የተማርነው ይሉ ነበር። ይህ... ይህን ስሙን ረሳሁት። አቁመው እስኪ። ወደ ኋላ መልሰው።

እኔ፦ እዚህ ላይ?

ጋሼ፦ እዚያ ላይ። ወባ የገደለው ልጅ ነው። እናቱ ኋላ ልብሱን ልትወስድ መጥታ ፎቶ እንኳ የለው ብላኝ ነበር፤ ያኔ ይህ ዲስክ እንዳለኝ ትዝ አላለኝም። አገራቸው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው፤ ቀበሌውን የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም። ለዚህኛው አንድ ቅጂ አይበቃም። ለሷ አንድ ሥራላት፣ ስልክ ላይ የሚከፈት አድርገህ።